በቴስት ውስጥ የኮንፊግ ቫልዩን በጥንቃቄ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮግራም ስንጽፍ ከዋናው ኮድ ለይተን የምናስቀምጣቸው፣ ኮንፊግ የምንላቸው ነገሮች አሉ። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ መሆኑ፣ የክፍያ ቁልፉ፣ ኤስኤምኤስ የሚላክበት አድራሻ፣ የሰዓት ቀጠናው። ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) ስንጽፍ ደግሞ እነዚህን ለአፍታ ቀይረን ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ማየት እንፈልጋለን። መቀየሩ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የቀየርነው በትክክል ተመልሶ ቀጣዩ ቴስት ንጹሕ ቦታ ላይ መጀመሩ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው ለፓይተን ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ሐሳቡ ግን የትም ይሠራል።

በቴስቱ መጀመሪያ ቀይሬው መጨረሻ ላይ ብመልሰው ምን ችግር አለው?

ቴስቱ እስካለፈ ድረስ ምንም ችግር የለውም። ጉዱ የሚመጣው ሲወድቅ ነው።

አንድ ደረሰኝ የሚያወጣ ፕሮግራም እንውሰድ። ሰቲንግስ የሚባል ሞጁል አለው፤ እዚያ ውስጥ ቫት ሬት 0.15 ተብሎ ተቀምጧል። አንድ ቴስት ከታክስ ነፃ የሆነ ሽያጭን ይፈትሻል። መጀመሪያ ቫት ሬትን ዜሮ ያደርጋል። ከዚያ ደረሰኙን አስልቶ ውጤቱ የተጠበቀው መሆኑን በአሰርት ያረጋግጣል። በመጨረሻው መስመር ቫት ሬትን ወደ 0.15 ይመልሳል። አሁን አሰርቱ ወደቀ እንበል። ፓይተን እዚያው ቆሞ ከቴስቱ ይወጣል፤ የመመለሻው መስመር አይነካም። ቫት ሬት ዜሮ እንደሆነ ቀረ። ቀጥሎ ያለው ቴስት የ1000 ብር ዕቃ ደረሰኝ 1150 ብር ይሆናል ብሎ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን 1000 ነው። እሱም ይወድቃል። ከሱ በኋላ ታክስ የሚነካ ቴስት ሁሉ ተራ በተራ ይወድቃል። ሪፖርቱን የሚያየው ሰው ጥፋቱ የት እንደጀመረ ለማወቅ ግማሽ ቀኑን ያቃጥላል።

የባሰም አለ። ቫት ሬት ዜሮ ሆኖ በመቅረቱ ምክንያት መውደቅ የነበረበት ቴስት ሊያልፍ ይችላል። የወደቀ ቴስት ቢያንስ ይጮኻል። በስህተት ያለፈ ቴስት ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስህተት ቢነሳም የመጨረሻውን ክፍል የሚያስኬዱትን ትራይ እና ፋይናሊ ተጠቅሞ መመለስ ይቻላል፤ ይሠራልም። ግን እያንዳንዱ ቴስት ላይ እያንዳንዱ ሰው አስታውሶ መጻፍ አለበት፤ አንድ ሰው አንድ ቀን መርሳቱ አይቀርም። የመመለሱን ሥራ ለመሣሪያው ስጡት።

እሺ፣ በየትኛው መሣሪያ ልቀይር?

ፓይቴስት የሚባለውን የቴስት መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መልሱ መንኪፓች የሚባለው ፊክስቸር (ለቴስቱ የሚያስፈልገውን የሚያዘጋጅ ክፍል) ነው። የቴስቱ ፈንክሽን ውስጥ እንደ ፓራሜትር ስሙን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። ሰትአትር የሞጁል ወይም የክላስ ቫልዩ ይቀይራል። ሰትአይተም ዲክሽነሪ ውስጥ ያለውን፣ ሰትኤንቭ ደግሞ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልን (ፕሮግራሙ ከሚሮጥበት ሲስተም የሚያገኘውን ቫልዩ) ይቀይራሉ። ቴስቱ አለፈም ወደቀ፣ ሲያልቅ የቀየራችሁት ሁሉ ይመለሳል።

ሌላው የቴስት መሣሪያ ዩኒትቴስት ከሆነ ሞክ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ፓች አለ፤ አንድን ነገር ለጊዜው በሌላ ይተካል። ከ2012ቱ ፓይተን 3.3 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ የምትጭኑት ነገር የለም። ለዲክሽነሪና ለኢንቫይሮመንት ፓች ዲክት የሚባል ወንድም አለው። ከተቻለ በዊዝ ብሎክ ወይም በዲኮሬተር ተጠቀሙት። ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት በሚሮጠው ሰትአፕ ውስጥ በስታርት ማስነሳት ግድ ከሆነባችሁ ግን ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ስቶፑን በአድክሊንአፕ አስመዝግቡ። ከቴስቱ በኋላ በሚሮጠው ቲርዳውን ላይ አትተማመኑ። ሰትአፕ መሐል ላይ ስህተት ከተነሳ ቲርዳውን ጭራሽ አይጠራም። በአድክሊንአፕ የተመዘገበው ግን ይጠራል። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተቸገረ በኋላ ነው።

ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ላይ ኦቨርራይድ ሰቲንግስ አለ። ከሥሪት 1.4 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ለአንድ ቴስት፣ ለአንድ ክላስ ወይም በዊዝ ለጥቂት መስመሮች ይሆናል። የጃንጎን ሰቲንግ በሌላ መንገድ መቀየር አልመክርም። ኦቨርራይድ ሰቲንግስ ከመቀየር በተጨማሪ «ይህ ሰቲንግ ተቀይሯል» የሚል ሲግናል ይልካል፤ አንዳንድ የጃንጎ ክፍሎች ይህን ሰምተው ካሻቸውን፣ ማለትም ቀድመው አንብበው የያዙትን፣ ያጸዳሉ።

ከሦስቱ የትኛውንም ብትመርጡ ለውጡን በተቻለ መጠን አጥብቡት። አንድ መስመር ብቻ የሚፈልገው ከሆነ በዊዝ ያንን መስመር ብቻ ክበቡት። ለክላሱ በሙሉ ከተቀየረ በኋላ ላይ አዲስ ቴስት የሚጨምር ሰው ምን እንደተቀየረ ሳያውቅ ይሠራል።

ፓች አደረግሁ፤ ኮዱ ግን አሁንም የድሮውን ቫልዩ ያያል። ለምን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር ይገናኛል፦ ኮዱ ቫልዩውን መቼ ነው ያነበበው? እናንተ ከመቀየራችሁ በፊት አንብቦ በእጁ ከያዘው፣ ምንጩን ብትቀይሩ አይሰማም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኢምፖርት አጻጻፍ ነው። የደረሰኙ ሞጁል «ከሰቲንግስ ቫት ሬትን ኢምፖርት አድርግ» ብሎ ከጻፈ፣ ቫት ሬት የሚለው ስም አሁን በደረሰኙ ሞጁል ውስጥም አለ፤ 0.15ን ይዟል። እናንተ ሰቲንግስ ውስጥ ያለውን ዜሮ ስታደርጉት የደረሰኙ ስም አይነካም። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ስሙን በሚጠቀምበት ቦታ መቀየር ነው፤ ማለትም የደረሰኙን ሞጁል ቫት ሬት ፓች ታደርጋላችሁ። ሁለተኛው ኮዱን ማስተካከል ነው፤ ሰቲንግስን ሙሉውን ኢምፖርት አድርጎ በሚያስፈልገው ጊዜ ሰቲንግስ ነጥብ ቫት ሬት ብሎ ያንብብ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው መንገድ ቫት ሬትን አምስት ሞጁል ኢምፖርት ካደረገው አምስቱንም ቦታ ፓች ልታደርጉ ነው። ስድስተኛው ሲጨመር የሚነግራችሁ የለም።

ሌላው የፈንክሽን ዲፎልት ነው። «አስላ» የሚል ፈንክሽን ሁለተኛ ፓራሜትሩ ሬት ሆኖ ዲፎልቱ ሰቲንግስ ነጥብ ቫት ሬት ከሆነ፣ ፓይተን ያንን ዲፎልት የሚያነበው ፈንክሽኑ ሲጠራ ሳይሆን ሲገለጽ ነው፤ አንዴ ብቻ። ሞጁሉ ኢምፖርት የተደረገ ዕለት 0.15 ተቆልፏል። መድኃኒቱ ዲፎልቱን ነን (None) አድርጎ ፈንክሽኑ ውስጥ ማንበብ ነው። የክላስ አትሪቢዩትም እንዲሁ ነው። ክላሱ ሲገለጽ የተነበበ ቫልዩ በኋላ አይቀየርም።

ከዚያ ካሽ አለ። ኮንፊጉን የሚያነበው ፈንክሽን ላይ ኤልአርዩ ካሽ ከተለጠፈ፣ አንዴ ካነበበ ሁለተኛ ወደ ምንጩ አይሄድም። እዚህ ላይ ካሽ ክሊርን መጥራት አለባችሁ፤ ግን ከመቀየራችሁ በፊት ብቻ ሳይሆን ከተመለሰ በኋላም ጭምር። ብዙዎች የኋለኛውን ይረሱታል። ያኔ ኢንቫይሮመንቱ ተመልሶ ካሹ ግን የቴስቱን ቫልዩ እንደያዘ ይቀራል። ከላይ ያየነው፣ የአንዱ ቴስት ለውጥ ወደ ሌላው መፍሰስ ማለት ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ለማግኘት የበለጠ ያስቸግራል።

በመጨረሻ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከኮንፊጉ የተሠሩ ዕቃዎችን አስቡ። የዳታቤዝ ግንኙነት ወይም የኤስኤምኤስ ክላየንት አንዴ አድራሻውን ይዞ ከተፈጠረ፣ አድራሻው ቢቀየር ለሱ ምኑም አይደለም። ዕቃውን እንደ አዲስ መፍጠር ወይም ራሱን ዕቃውን በሌላ መተካት ያስፈልጋል።

የሰቲንጉን ስም ተሳስቼ ብጽፍስ?

እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ ማወቁም ይጠቅማል። የመንኪፓች ሰትአትር እና የሞክ ፓች የሌለ ስም ሲሰጣቸው ስህተት ያነሳሉ። ይህን ጠባይ የሚያጠፋ አማራጭ አላቸው፤ በተለየ ምክንያት ካልሆነ አትንኩት። ኦቨርራይድ ሰቲንግስ ግን ዝም ይላል። የሌለ ሰቲንግ ስም ብትሰጡት አዲስ ሰቲንግ ፈጥሮ ያልፋል። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልም ያው ነው። ስለዚህ እነዚህን ስትጠቀሙ ቴስቱን አንዴ ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ ቫልዩውን ወደማይሆን ነገር ቀይራችሁ ቴስቱ መውደቁን እዩ። ካልወደቀ ፓቹ የሚነካው ነገር የለም ማለት ነው።

ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ፣ ሁሉም ጽሑፍ ነው። ቁጥርም ይሁን እውነት ወይም ሐሰት፣ እዚያ ሲገባ ጽሑፍ ሆኖ ነው። «ፎልስ» የሚለውን ቃል አስገብታችሁ ኮዱ በቡል ቢያነበው ትሩ ይላል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ ለፓይተን እውነት ነውና። ቴስታችሁ ትክክለኛውን ፎልስ በሰትአትር እያስገባ፣ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ላይ ግን ጽሑፉ የሚመጣ ከሆነ፣ ቴስቱ ይህን ስህተት በጭራሽ አያገኘውም። ኮንፊግ የሚያነበው ክፍል ራሱ በጽሑፍ የሚፈተንበት ቢያንስ አንድ ቴስት ይኑራችሁ።

ሁለተኛ፣ ፓች ዲክት ክሊር የሚል አማራጭ አለው፤ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ የሰጣችሁትን ብቻ ያስቀራል። «ምንም ባልተሞላ ጊዜ ፕሮግራሙ ምን ይላል?» ለሚለው ቴስት ድንቅ ነው። ግን ፓዝ እና ሆም የሚባሉትም አብረው ይጠፋሉ። ኮዱ ሌላ ፕሮግራም የሚጠራ ከሆነ ፕሮግራሙን ላያገኘው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቫሪያብሉ መኖር የለበትም ብላችሁ የምታጠፉ ከሆነ፣ ዴልኤንቭ የሌለ ነገር ሲያጠፋ ስህተት ያነሳል። ላፕቶፓችሁ ላይ ኖሮ ሲአይ (ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ላይኖር ስለሚችል፣ እዚህ ጋ ሬይዚንግ የሚባለውን አማራጭ ፎልስ ማድረግ ተገቢ ነው።

ቴስቱ ብቻውን ሲሮጥ ያልፋል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ይወድቃል።

ከሱ በፊት የሮጠ አንድ ቴስት የሆነ ነገር ሳይመልስ ሄዷል። የወደቀውን ቴስት መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፤ መፈለግ ያለበት የፊተኛው ነው።

ከወደቀው በፊት ያሉትን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ብቻ ከሱ ጋር አስኪዱ። ወደቀ? ጥፋተኛው እዚያ ግማሽ ውስጥ ነው። አለፈ? በሌላኛው ውስጥ ነው። እንደገና ለሁለት ክፈሉ። 200 ቴስት ቢኖር በስምንት ዙር አንድ ላይ ትደርሳላችሁ።

ሌላው መንገድ ወጥመድ መዘርጋት ነው። በየቴስቱ በራሱ የሚሠራ ፊክስቸር ትጽፋላችሁ። ከቴስቱ በፊት የኦኤስ ኢንቫይሮንን ቅጂ ይይዛል፤ ቴስቱ ሲያልቅ ያወዳድራል፤ ልዩነት ካለ የቫሪያብሉን ስም ጠቅሶ ይጥለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ፓይቴስት ራሱ የሚሮጠውን ቴስት ስም የሚያስቀምጥበት ቫሪያብል ስላለ እሱን ከማወዳደሩ አውጡት። ይህ ፊክስቸር ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። ጥፋተኛው ራሱ ስለሚወድቅ ሌላ ፍለጋ የለም።

ፓይቴስት ራንደምሊ የሚባለው ተጨማሪ ደግሞ የቴስቶቹን ቅደም ተከተል ያደበላልቃል። ሲጀመር ብዙ ቴስት ይወድቅባችሁና ትበሳጫላችሁ። የወደቁት ሁሉ ግን ቀድሞም የነበሩ ችግሮች ናቸው።

ቴስቶቹን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሳስኬድስ?

በምን እንደተከፋፈሉ ይወሰናል። ኤክስዲስት የሚባለው የፓይቴስት ተጨማሪ ቴስቶቹን ለተለያዩ ፕሮሰሶች ነው የሚያከፋፍለው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ሞጁልና የራሱ ኢንቫይሮመንት አለው፤ ስለዚህ ፓቾቹ አይጋጩም። የሚጋጩት ከፕሮሰሱ ውጭ ያሉት ናቸው፦ አንድ ሬዲስ ዳታቤዝ፣ አንድ ፋይል፣ አንድ ፖርት።

ትሬድ ግን ሌላ ነው። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች ሁሉ አንድ ሰቲንግስ ነው የሚያዩት። አንዱ ትሬድ ውስጥ ዜሮ ያደረጋችሁት ቫት ሬት ለሌላውም ዜሮ ነው።

ወደ ውጭ ስለሚሄድ ሥራም አስቡ። ቴስቱ የሚያስነሳው ልጅ ፕሮሰስ የተቀየረውን ኢንቫይሮመንት ይወርሳል። በሰትአትር የተቀየረ የሞጁል ቫልዩ ግን እንደ አዲስ በተነሳ ፕሮግራም ውስጥ የለም። ቀድሞ ተነስቶ ሥራ የሚጠብቅ የሰለሪ (የጀርባ ሥራ ማስኬጃ) ወርከር ደግሞ ሁለቱንም አያይም።

ላፕቶፔ ላይ ያልፋል፤ ሲአይ ላይ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቴስቱ ያልቀየረው፣ ግን የተመረኮዘበት ቫልዩ ነው። ሁለት ቦታ ፈትሹ።

አንደኛው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች የሚጻፉበት ዶትኤንቭ ፋይል ነው። የፓይተኑ ዶትኤንቭ ካልታዘዘ በቀር ቀድሞ ያለ ቫሪያብልን አይለውጥም። ተርሚናላችሁ ላይ ድሮ ያስቀመጣችሁት ካለ ከፋይሉ ይቀድማል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው በተለይ። የላፕቶፑ ሰዓት ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ የሲአይ ማሽኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚሄዱት። በዩቲሲ 21:30 ላይ የተመዘገበ ሽያጭ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ተቀይሯል። «የዛሬ ሽያጭ» የሚለው ሪፖርት በሁለቱ ማሽኖች ላይ የተለያየ ድምር ይሰጣል። ጃንጎ ላይ የሰዓት ቀጠናውን በኦቨርራይድ ሰቲንግስ መቀየር በትክክል ይሠራል። ያለ ጃንጎ ግን ቲዜድ የሚባለውን ቫሪያብል ቀይራችሁ፣ አዲሱ ቀጠና እንዲነበብ ቲዜድሰትን መጥራት ያስፈልጋል፤ ሲመለስም እንደገና። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በፊክስቸራችሁ መጨረሻ ላይ ቲዜድሰትን ብትጠሩ መንኪፓች ገና አልመለሰም፤ የሱ ተራ ከናንተ ፊክስቸር በኋላ ነው። ስለዚህ ቫሪያብሉን በመንኪፓች ኮንቴክስት በዊዝ ውስጥ ቀይሩ፤ ከዊዙ ከወጣችሁ በኋላ ቲዜድሰትን ጥሩ።

ኦቨርራይድ ሰቲንግስ ለሁሉም የጃንጎ ሰቲንግ ይሠራል?

አይ። ጃንጎ ሲነሳ አንዴ ብቻ የሚያነባቸው አሉ። እነሱን ስትቀይሩ ሰቲንግስን ብትጠይቁ አዲሱን ታያላችሁ፤ የጃንጎ ውስጠኛ ክፍል ግን በድሮው ይቀጥላል። ዳታቤዝስን መቀየር የጃንጎ ሰነድ ራሱ አይመክረውም። ካሽስ ይቻላል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እውነተኛ ገንዘብ ወይም እውነተኛ ኤስኤምኤስ እንዳይሄድ ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቴስት ፓች ማድረጉን አትጠብቁ። አንዱ ቢረሳ ደንበኛ ስልኩ ላይ የማያውቀው መልእክት ይደርሰዋል፣ ወይም ከሒሳቡ ብር ይቆረጣል። ነገሩን ገልብጡት፦ ቴስት ሲጀመር ዲፎልቱ የማይሠራ ቫልዩ ይሁን። የቴሌብርም ይሁን የቻፓ ቁልፍ፣ የፕሮዳክሽኑ ቁልፍ ቴስት በሚሮጥበት ማሽን ላይ ጭራሽ መኖር የለበትም። አድራሻውም የትም የማያደርስ ይሁን። ጃንጎ ለኢሜይል ይህን ራሱ ያደርጋል፤ ቴስት ሲሮጥ ኢሜይል አይልክም፣ አውትቦክስ የሚባል ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለኤስኤምኤስና ለክፍያም እንደዚያው ሥሩ። በዚህ ላይ ኔትወርክን የሚዘጋ ፊክስቸር ብትጨምሩ፣ የረሳ ሰው ስህተት ተነስቶበት ወዲያው ያውቀዋል። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትተገብሩ ከሆነ ይህን አድርጉ።

አንድ ቫልዩ ለሁሉም ቴስት አንዴ መቀየር እፈልጋለሁ። መንኪፓች ግን ስኮፕ አይመጥንም አለኝ።

መንኪፓች ፊክስቸሩ ለአንድ ቴስት ብቻ ነው፤ ለጠቅላላው ሩጫ አንዴ የሚሠራ የሴሽን ፊክስቸር ውስጥ አይገባም። የመንኪፓች ክላሱን ኮንቴክስት በዊዝ ከፍታችሁ ውስጡ ዪልድ አድርጉ፤ ሴሽኑ ሲያልቅ ይመልሳል።

ያለ ፓች መሥራት አይቻልም?

ይቻላል፤ ሲቻል ይሻላልም። «አስላ» የሚለው ፈንክሽን ሬቱን ከሰቲንግስ ሄዶ ከማምጣት በፓራሜትር ቢቀበለው፣ ቴስቱ ዜሮን ይሰጠዋል፤ አለቀ። የሚመለስ ነገር የለም፣ የሚፈስ ነገር የለም። ብዙ ቫልዩ ካለ በማይቀየር ዳታክላስ ሰብስቧቸው። ቴስቱ በሪፕሌስ አንዱን ብቻ የለወጠ አዲስ ቅጂ ይፈጥራል፤ ዋናው አይነካም። ኮንፊግ ከውጭ የሚነበበው ፕሮግራሙ ሲነሳ አንድ ቦታ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ።

ሁሉንም ኮድ እንዲህ አድርጉ አልልም። ጃንጎ ራሱ ሰቲንግስን ከየትም ያነባል፤ ከሱ ጋር መታገል ትርፉ ድካም ነው። ገንዘብ የሚያሰላው ክፍል ግን ይህ ይገባዋል። አንድ ቴስት አራት አምስት ፓች ካስፈለገው ቴስቱን ትታችሁ ኮዱን ተመልከቱ።

ሌላ ቋንቋ ላይስ?

ጎ ከ2021ዱ ሥሪት 1.17 ጀምሮ ቲ ሰትኤንቭ አለው። ራሱ ይመልሳል፤ በፓራለል በተባለ ቴስት ውስጥ ከተጠራ ደግሞ ፓኒክ ያደርጋል። ይህ ክልከላ በጣም ትክክል ነው። የጃቫስክሪፕቱ ቪቴስት ላይ ስተብኤንቭ አለ፤ መመለሱን በኮንፊጉ ካላዘዛችሁት ራሳችሁ መጥራት አለባችሁ። ኖድ ላይ ፕሮሰስ ኤንቭ ውስጥ አንድዲፋይንድ ብታስገቡ «አንድዲፋይንድ» የሚል ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው፤ ለማጥፋት ዲሊት ተጠቀሙ። ረስት በ2024 ኤዲሽኑ ሰትቫርን አንሴፍ ውስጥ ካልሆነ አያስጠራም።

ብዙ ነባር ቴስቶች አሉን። ከየት እንጀምር?

የቴስት ፎልደሩ ውስጥ በቀጥታ ወደ ኦኤስ ኢንቫይሮን ወይም ወደ ሰቲንግስ ነጥብ የሆነ ነገር በእኩል ምልክት የሚጽፉ መስመሮችን ፈልጉ። አንድ የፍለጋ ትእዛዝ ይበቃል። የወጡትን አንድ በአንድ ወደ መንኪፓች ወይም ኦቨርራይድ ሰቲንግስ ቀይሩ፤ ቫልዩውን ሲመልሱ የነበሩትን መስመሮች ሰርዙ። ከዚያ ያን ኢንቫይሮንን የሚያወዳድር ፊክስቸር ጨምሩ። ፍለጋው ያላገኘውን እሱ ያገኘዋል።